ለአዲስ አማኝ የትኛው መጽሐፍ ቅዱስ ይሻላል? ሀዋሳ ውስጥ የሚሸጡትን እትሞች ስንመዝን

ሀዋሳ ውስጥ የመጀመሪያውን መጽሐፍ ቅዱስ የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው ሽፋኑን ነው። ቆዳውን ይዳስሳል፣ ዚፑን ይከፍታል ይዘጋል፣ የወረቀቱ ጠርዝ ወርቃማ መሆኑን ያረጋግጣል፣ ዋጋ ተከራክሮ ይዞ ይሄዳል። ሱቁ ውስጥ ቆሞ አንድ ምዕራፍ አንብቦ የሚገዛ ሰው ጥቂት ነው። ከሦስት ወር በኋላ ያ መጽሐፍ ከእሁድ እስከ እሁድ ሳይገለጥ ሲቀር ደግሞ ሰው ሁሉ የሚወቅሰው የአማኙን ስንፍና ነው። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የተጀመረው ሱቁ ውስጥ ነው፦ ፊደሉ የማይታይ፣ አማርኛው የማይገባ ወይም ሲገለጥ ተመልሶ የሚዘጋ መጽሐፍ ተገዝቷል።

የመንፈሳዊ ሕይወት መሠረት በማቴዎስ 7፥24 ላይ በግልጽ ተቀምጧል፤ ቃሉን ሰምቶ የሚያደርግ ቤቱን በዓለት ላይ ሠራ ይላል። ለመስማት መጀመሪያ መግለጥ፣ ለማድረግ ደግሞ መረዳት ያስፈልጋል። ስለዚህ በፒያሳና በመናኸሪያ አካባቢ ባሉ የመንፈሳዊ መጻሕፍት ሱቆች፣ በአብያተ ክርስቲያናት ግቢ ውስጥ ባሉ መደብሮችና እሁድ እሁድ በር ላይ በሚዘረጉ መደቦች የሚገኙትን እትሞች የመዘንነው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ጀማሪ ነገ ጠዋት ገልጦ፣ ያለ አስተማሪ፣ ያነበበውን በራሱ ቃል መናገር ይችላል? ዋጋ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ እዚህ አልጻፍነውም፤ የትኛው ነገር ገንዘብ እንደሚገባው፣ የትኛው እንደማይገባው ግን እንናገራለን።

ከትርጉሙ እንጀምር፤ ትልቁ ልዩነት እዚህ ላይ ነው።

በ1954 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የታተመው ትርጉም ዛሬም በስፋት የሚሸጠው ነው። ሰባኪው መድረክ ላይ የሚጠቅሰው፣ ዘማሪው በግጥሙ የሚያስገባው፣ እናቶች በቃላቸው የያዙት አብዛኛው ጥቅስ ከዚህ ነው። ቋንቋው ክብደትና ዜማ ስላለው በቃል ለመያዝ ይመቻል፤ አንድ ጥቅስ ሦስት ጊዜ ጮክ ብሎ የተነበበ እንደሆነ ጆሮ ውስጥ ይቀራል። በዚህ ረገድ ከሌሎቹ የሚስተካከለው የለም ብለን እናምናለን።

ችግሩ የሚመጣው በመልእክታት ላይ ነው። ጳውሎስ ረጃጅም ዓረፍተ ነገር ይጽፋል፤ ኤፌሶን 1፥3–14 በግሪኩ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። አማርኛ ደግሞ ማሰሪያ አንቀጹን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ፣ ግሪኩን በቅርብ የሚከተል ትርጉም ሲነበብ ጀማሪው ማሰሪያው ላይ ሳይደርስ ባለቤቱ ማን እንደሆነ ይጠፋበታል። ቃላቱን ሁሉ ያውቃቸዋል፤ ዓረፍተ ነገሩን ግን አይዘውም። «እኔ መጽሐፍ ቅዱስ አይገባኝም» ብሎ የሚደመድመው እዚህ ላይ ነው፤ ያልገባው ግን ወንጌሉ ሳይሆን የዓረፍተ ነገሩ አሠራር ነው። ለዚህ ሰው «ጸልይና ይገለጥልሃል» ብሎ ማለፍ ያሳዝናል። የሚያስፈልገው በዚያ ወቅት አጠር አጠር ያለ ዓረፍተ ነገር ነው።

እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው አዲሱ መደበኛ ትርጉም ይህን ችግር በአብዛኛው ይፈታል። ረጃጅሙን ሐሳብ ይከፋፍላል፣ ክፍሎችን በንዑስ ርእስ ይለያል፣ ንግግርን በትእምርተ ጥቅስ ይለያል፣ ቃሉ አማራጭ ትርጓሜ ሲኖረውም በግርጌ ማስታወሻ ያሳያል። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 3 ላይ ሲያዩት ጥቅሙ ይታያል፦ ኢየሱስ ለኒቆዲሞስ የሚናገረውና ወንጌላዊው የሚጽፈው የት ላይ እንደሚለያይ ለማሰብ ትእምርተ ጥቅሱ አንባቢውን ያቆመዋል። ለሚያነብ፣ ለሚያጠና፣ ማስታወሻ ለሚይዝ ጀማሪ የመጀመሪያ ምርጫችን ይህ ነው። ንዑስ ርእሶቹ ግን የተርጓሚዎች መሆናቸውን ለጀማሪው ንገሩት፤ ርእሱን እንደ ቃሉ ጠቅሶ የሚከራከር ሰው አይታጣም።

ቀለል ባለ አማርኛ የተዘጋጁ ትርጉሞችም አሉ። ትምህርት ቤት ብዙ ላልቆዩ፣ አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ለሆነ፣ ለታዳጊዎችም ጥሩ መነሻ ናቸው። ጉድለታቸው ቃል በቃል ሲጠና ይታያል፦ ሐሳቡን ለማቅለል ሲባል በተለያየ ቦታ የተደጋገመ አንድ ቃል በተለያየ ቃል ይተረጎማል፤ ስለዚህ «ጸጋ» ወይም «ጽድቅ» የሚለውን በመልእክቶቹ ውስጥ ተከታትሎ ማጥናት ይከብዳል። ለማንበብ እንጂ ለጥልቅ ጥናት አይሁኑ።

እንግዲህ ብይናችን፦ አቅም ካለ ሁለት፣ ካልሆነ አንድ። ሁለት ከሆነ ለንባብ አዲሱ መደበኛ ትርጉም፣ በቃል ለመያዝ የ1954ቱ። አንድ ብቻ ከሆነ ደግሞ አብሮ የሚያጠናው ቡድን የሚጠቀምበትን መግዛት ይሻላል። በቤት ኅብረት ውስጥ አንዱ ሲያነብ ሌላው በተለየ ትርጉም ሲከታተል ጀማሪው የጠፋበት እየመሰለው ዝም ይላል፤ ጥያቄም አይጠይቅም።

ሱቅ ውስጥ ሳላችሁ ኤፌሶን 1፥3–14ን ገልጣችሁ ድምፅ እያሰማችሁ አንብቡ። ገዢው ራሱ ጀማሪው ይሁን። አንብቦ ሲጨርስ መጽሐፉን ዘግቶ «እግዚአብሔር ምን አደረገ ይላል?» የሚለውን ይመልስ። መረጠን፣ ልጆች አደረገን፣ ተቤዠን፣ ይቅር አለን፣ በመንፈስ ቅዱስ አተመን ከሚሉት ሁለቱን ወይም ሦስቱን ከያዘ ትርጉሙ ይስማማዋል። አንዱንም ካልያዘ ሌላ ትርጉም አውርዱና ያንኑ ክፍል አስነብቡት። አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ ሻጮችም ገዢው ከምር እንደሚገዛ ካዩ አይከለክሉም። ማርቆስን ወይም መዝሙር 23ን አትፈትኑበት፤ እነዚያ በየትኛውም ትርጉም ይገባሉ፣ ልዩነቱን አያሳዩም።

ስለ መዝሙር ካነሳን አንድ ጀማሪዎችን ሁልጊዜ የሚያደናግር ነገር አለ። በግእዙና በኦርቶዶክስ አጠቃቀም የመዝሙረ ዳዊት ቁጥር የሰባ ሊቃናትን፣ ማለትም የጥንቱን የግሪክ ብሉይ ኪዳን ትርጉም፣ አቆጣጠር ይከተላል፤ በዚያ አቆጣጠር መዝሙር 9 እና 10 አንድ ላይ ስለሆኑ ከዚያ በኋላ እስከ 147 ድረስ አብዛኛው ቁጥር በአንድ ያንሳል። ስለዚህ «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» በአንዱ 23፣ በሌላው 22 ነው፤ የዳዊት የንስሓ መዝሙር 51 ወይም 50፣ «በልዑል መጠጊያ» 91 ወይም 90 ነው። አንዳንድ እትም ሁለቱንም ቁጥር ያትማል፤ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። በአንድ ግቢ ውስጥ ኦርቶዶክስና ፕሮቴስታንት ጎረቤት በሚኖርበት በሀዋሳ «የኔ መጽሐፍ የተለየ ነው» የሚል አላስፈላጊ ክርክር የሚጀመረውም ብዙ ጊዜ ከዚህ ቁጥር ነው። በተመሳሳይ 66 መጻሕፍት ያለውና 81 ያለው የተለያየ ጥራዝ ስለሆነ የቱን እንደምትፈልጉ ከመጀመሪያው ለሻጩ ንገሩ።

አሁን ወደ ኅትመቱ እንሂድ። የፊደል መጠን ከቆዳ ሽፋን ይቀድማል፤ ይህን ደግመን ደጋግመን እንላለን። የአማርኛ ፊደል ከሌላው የሚለየው በትንሽ ምልክት ነው፦ ለ እና ሉ፣ ሰ እና ሱ፣ ቀ እና ቁ። ፊደሉ ሲያንስና ቀለሙ ሲፈዝ ጎን ላይ ያለችው ጭረት ትጠፋለች፤ ያኔ «አለ» እና «አሉ» አንድ ይሆናሉ፣ ተናጋሪው አንድ ይሁን ብዙ አይለይም። በኪስ የሚያዙ ትንንሽ እትሞች ችግራቸው ይህ ነው። ለመንገድ ይመቻሉ፤ ማታ በደካማ አምፖል ወይም መብራት ጠፍቶ በሻማ ለሚያነብ ሰው ግን ዓይን ይጎዳሉ። ሙከራው ቀላል ነው፦ መጽሐፉን ክንዳችሁን አጥፋችሁ በተለመደው የንባብ ርቀት ያዙት፣ ከሱቁ ደማቅ መብራት ራቅ በሉ፣ የግርጌ ማስታወሻውን አንብቡ። ግርጌው ካልተነበበ መጽሐፉ ለዕለታዊ ንባብ አይሆንም። ዕድሜያቸው ከአርባ ላለፈ ደግሞ ባለ ትልቅ ፊደሉን ብቻ ግዙ፤ ክብደቱን ጠረጴዛ ይሸከመዋል።

ወረቀቱ ስስ መሆኑ አይቀርም፤ ከሺህ ገጽ በላይ ያለው መጽሐፍ ሌላ መንገድ የለውም። የሚፈተነው ብርሃን ማሳለፉ ነው። አንድ ቅጠል ብቻውን አንሡ፣ ከኋላው ነጭ ወረቀት ሳታደርጉ አንብቡ። የጀርባው ጽሑፍ ከፊቱ ጋር ከተደባለቀ ለጀማሪ አይሆንም። በዚህ ወረቀት ላይ ጄል እስክሪብቶና ፈሳሽ ሃይላይተር ወደ ጀርባ ያልፋል፤ በሚቀጥለው ወር የጀርባውን ምዕራፍ ስታነቡ ያበሳጫችኋል። ለስላሳ እርሳስ ወይም ደረቅ ባለ ቀለም እርሳስ ይበቃል። በአራት ዓይነት ቀለም የሚያሰምሩ ወጣቶች አሉ፤ ሁለት ቀለም ይበቃል፣ አንዱ ለተስፋ፣ አንዱ ለትእዛዝ። ከዚያ ካለፈ ገጹ ሁሉ ይቀባና ምንም ጎልቶ አይታይም።

የጥራዙ ስፌት ብዙ ሰው የማያየው፣ ግን የመጽሐፉን ዕድሜ የሚወስነው ነገር ነው። መጽሐፉን ከላይ በኩል፣ ከጀርባው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ተመልከቱት። ቅጠሎቹ በትንንሽ ታጣፊ ክፍሎች ተሰብስበው የተሰፉ ከሆነ በየክፍሉ መካከል ክር ይታያል፤ ይህ ዓመታት ይቆያል። ቅጠሎቹ አንድ በአንድ ተቆርጠው በሙጫ ብቻ ከተጣበቁ ግን ጀርባው ለስላሳና ደረቅ ይሆናል። በሙጫ የተያዘው ደጋግሞ በሚገለጥበት ቦታ መሰንጠቅ ይጀምራል፤ ያ ቦታ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ መዝሙርና ወንጌላት ናቸው። ሌላው ሙከራ፦ መሐሉን ገልጣችሁ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና እጃችሁን አንሡ። ተገልጦ ከቀረ ጥሩ ነው። ተመልሶ የሚዘጋውን መጽሐፍ እየያዙ ማጥናት ያደክማል፤ በአንድ እጅ መጽሐፉን ይዞ በሌላው መጻፍ አይመችም።

ዚፕ ያለው ሽፋን ለባጃጅና ለዝናብ ይረዳል፤ ሀምሌና ነሐሴ ላይ ሀዋሳ ውስጥ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን ርካሽ ዚፕ የቅጠሉን ጠርዝ ነክሶ ይቀድዳል፣ ማዕዘኑም ቶሎ ይቀደዳል። ተለይቶ የሚሸጥ የጨርቅ ማኅደር ገዝቶ ገንዘቡን ለትልቅ ፊደል ማዋል የተሻለ ነው። ወርቃማ ጠርዝ ለንባብ ምንም አይጨምርም።

ከመክፈላችሁ በፊት አምስት መጻሕፍትን ፈልጉ፦ አብድዩ፣ ፊልሞና፣ 2ኛ ዮሐንስ፣ 3ኛ ዮሐንስ፣ ይሁዳ። አምስቱም አንድ አንድ ምዕራፍ ብቻ ናቸው፤ ማተሚያ ቤት ሲጠርዝ አንድ ታጣፊ ክፍል ቢዘለል ወይም ቢደገም ከሚጠፉት መካከል እነዚህ ይገኛሉ፤ ጉድለታቸውም ቶሎ አይታወቅም። ሚልክያስ አልቆ ማቴዎስ መጀመሩንም እዩ። ገጾቹን በአውራ ጣት በፍጥነት ስታሳልፉ የተገለበጠ ክፍል ካለ በራሱ ይታያል።

ማመሳከሪያ፣ ማለትም በጠርዝ ወይም በመሐል ዓምድ የታተሙ ተመሳሳይ ጥቅሶች፣ ለመሠረት ትምህርት ከማብራሪያ ይበልጣል ብለን እናምናለን። ማብራሪያ ያለው ማጥኛ መጽሐፍ ቅዱስ መልስ ይሰጣል፤ ማመሳከሪያው ግን ቃሉን በቃሉ እንድትፈልጉ ያስገድዳል። ጀማሪ ማብራሪያ ካገኘ ዓይኑ ከቃሉ ወርዶ ግርጌ ላይ ይቀራል፤ የሚያስታውሰውም ማብራሪያውን ነው። ማጥኛውን ለሁለተኛው ዓመት አቆዩት። በመጨረሻው ላይ የቃላት ማውጫና ካርታ ካለ ግን ከመጀመሪያውም ይጠቅማል፤ የሐዋርያት ሥራን ያለ ካርታ ማንበብ አንጾኪያን ከኤፌሶን ሳይለዩ ማለፍ ነው።

አብሮ የሚሸጠው የመሠረት ትምህርት መጽሔት ወይም ቡክሌት ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በየመደብሩ ብዙ ዓይነት አለ፤ ጥራታቸው በእጅጉ ይለያያል። ሁለት መመዘኛ እንሰጣችሁ። የመጀመሪያው ዕብራውያን 6፥1–2 ነው፤ እዚያ ላይ መሠረት ተብለው ስድስት ነገሮች ተዘርዝረዋል፦ ከሞተ ሥራ ንስሓ፣ በእግዚአብሔር ማመን፣ ስለ ጥምቀቶች ትምህርት፣ እጆችን መጫን፣ የሙታን ትንሣኤ፣ የዘላለም ፍርድ። ቡክሌቱን ማውጫ ገልጣችሁ ስድስቱን ፈልጉ። ብዙዎቹ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ያስተምሩና ትንሣኤንና ፍርድን ይተዋሉ፤ ያኔ አዲሱ አማኝ የመጀመሪያ ለቅሶ ቤት ሲደርስ የሚይዘው ነገር ያጣል። በእኛ አገር ለቅሶ ሩቅ አይደለም፤ ትንሣኤን ያልተማረ አማኝ ከድንኳኑ ሥር ምን ብሎ እንደሚያጽናና ይጨንቀዋል።

ሁለተኛው መመዘኛ የጥያቄዎቹ ዓይነት ነው። «በዮሐንስ 3፥16 መሠረት እግዚአብሔር ዓለሙን እንዲሁ ____» የሚል ባዶ ቦታ ብቻ ያለበት ቡክሌት እጅን እንጂ ልብን አያሠራም፤ ጥቅሱን ሳይረዱ ባዶውን መሙላት ይቻላል። «ይህ እውነት ከሆነ ትናንት ከተጣላችሁት ሰው ጋር ምን ታደርጋላችሁ?» ዓይነት ጥያቄ ካለበት ግን ግዙት። ከየትምህርቱ ቢያንስ አንድ ጥያቄ አንባቢው የራሱን ሕይወት እንዲጽፍ የሚጠይቅ ይሁን።

ጥሩ ቡክሌት ካላገኛችሁ ያለ እሱ መጀመር ይቻላል፤ የሚከተለው የንባብ አካሄድ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በቂ ነው። ማርቆስ 16 ምዕራፍ፣ ዮሐንስ 21፣ የሐዋርያት ሥራ 28፣ ኤፌሶን 6፣ ፊልጵስዩስ 4፣ ቆላስይስ 4፣ ፊልሞና 1፣ ያዕቆብ 5፣ 1ኛ ዮሐንስ 5። ድምሩ 90 ምዕራፍ ነው፤ በቀን አንድ። ማርቆስ የሚቀድመው አጭርና ፈጣን ስለሆነ ነው፤ ኢየሱስ ምን እንዳደረገ መጀመሪያ ይታያል፣ ዮሐንስ ላይ ማን እንደሆነ ይጠለቃል። ፊልሞና ከቆላስይስ ቀጥሎ የመጣው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በቆላስይስ 4፥9 የተጠቀሰው አናሲሞስ፣ ለፊልሞና የተላከው ደብዳቤ ስለ እሱ የተጻፈው ያው ባሪያ ነው። ሁለቱን አከታትሎ ያነበበ ሰው ትምህርት በአንድ ቤት ውስጥ ምን እንደሚመስል ያያል። እንደ ዮሐንስ 6 እና ሐዋርያት ሥራ 7 ያሉት ረጅም ናቸው፤ 71 እና 60 ቁጥር አላቸው። በሁለት ቀን ከፍሎ ማንበብ አያሳፍርም።

ከዘፍጥረት ጀምሮ እስከ ራእይ እሄዳለሁ የሚል ጀማሪ የሚቆምበት ቦታ ይታወቃል። 66 መጻሕፍት ያለው መጽሐፍ ቅዱስ 1189 ምዕራፍ አለው፤ በዓመት ለመጨረስ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ በቀን ሦስት፣ እሁድ አምስት ማንበብ ይበቃል። ዘፍጥረት 50 ምዕራፍ ታሪክ ስለሆነ ደስ እያለው ያልፈዋል። ሦስት ሦስት ምዕራፍ ካነበበ በ25ኛው ቀን አካባቢ ዘጸአት 25 ላይ ይደርሳል፤ ከዚያ በኋላ የመገናኛው ድንኳን ልክ፣ ሳንቃው፣ መጋረጃው፣ የካህናቱ ልብስ ይከተላል። ዘሌዋውያን ደግሞ 27 ምዕራፍ ሕግ ነው። ኢየሱስን ገና ሳያውቅ መሥዋዕቱ ለምን እንደሆነ አይገባውም፤ ስለዚህ ያቆማል፣ ቀጥሎም በደለኝነት ይሰማዋል። አዲስ ኪዳንን ካነበበ በኋላ ተመልሶ ቢመጣ ግን ያው ክፍል ይናገረዋል። አዲስ ኪዳን 260 ምዕራፍ ነው፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ አንድ አንድ ምዕራፍ በ52 ሳምንት ያልቃል። ለሁለተኛው እርምጃ ይህ ይሻላል።

ለየዕለቱ ንባብ አንድ ተራ ደብተር ይበቃል። ቀኑንና ምዕራፉን ጻፉ፣ ከዚያ አራት መስመር፦ ምን ይላል፣ ስለ እግዚአብሔር ምን ያሳያል፣ የምታዘዘው ወይም የምይዘው ተስፋ የቱ ነው፣ ዛሬ ምን አደርጋለሁ። አራተኛው መስመር ላይ ብዙ ሰው «የበለጠ እጸልያለሁ» ብሎ ይጽፋል፤ ይህ ሲመሽ መፈጸሙን ማረጋገጥ አይቻልም። «ለወንድሜ ደውዬ ይቅርታ እጠይቃለሁ» ይረጋገጣል። ሐሙስ ወይም ዓርብ ላይ የሳምንቱን አራተኛ መስመሮች ከሚያሠለጥናችሁ ሰው ጋር ቁጭ ብላችሁ ተመልከቱ። በምሳ ሰዓት አሥራ አምስት ደቂቃ ይበቃል፤ ሐሳቡ የሐዋርያት ሥራ 2፥42 ነው፤ ትምህርት፣ ኅብረት፣ ኅብስት መቁረስ፣ ጸሎት አንድ ላይ ናቸው፤ ብቻውን የሚያነብ ሰው ሦስቱን አጥቷል።

በቃል የሚያዝ አንድ ጥቅስ በሳምንት በቂ ነው። ሰኞ ጻፉት፣ ማክሰኞ፣ ሐሙስና እሁድ ሳታዩ በሉት፤ በሚቀጥለው ሳምንት መጨረሻ አንድ ጊዜ ድገሙት። የጥቅሱን ቁጥር ከፊትም ከኋላም መጥራት ያግዛል። ስልክ ላይ «የዕለቱ ጥቅስ» እየተላከ ለብቻው የሚያዘው ጥቅስ ግን ያሳስበናል። ፊልጵስዩስ 4፥13ን ሁሉም ያውቀዋል፤ ከሱ በፊት ያሉትን 11 እና 12 ግን ያነበበ ጥቂት ነው። እዚያ ጳውሎስ የሚናገረው መራብንም መጥገብንም ስለ መቻል ነው። ያለ እነሱ የተያዘው ጥቅስ ለፈተና ማለፊያና ለንግድ ማደጊያ ይውልና፣ ሰውየው ፈተናውን ሲወድቅ እምነቱም አብሮ ይናወጣል። ኤርምያስ 29፥11ም እንዲሁ ነው፤ ቁጥር 10 ሰባ ዓመት ይላል።

ስለዚህ ስልክ አይሆንም ማለታችን አይደለም። ዩቨርሽን የተባለው የመጽሐፍ ቅዱስ የስልክ መተግበሪያ በአማርኛ ከአንድ በላይ ትርጉም አለው፣ ነፃ ነው፣ የንባብ ዕቅድም አለው፤ አንዳንዱ ትርጉም ወርዶ ያለ ኢንተርኔት ይነበባል። ሁለቱን ትርጉም ጎን ለጎን ለማነጻጸርና ቃል ለመፈለግ ከወረቀት ይበልጣል። በኢንዱስትሪ ፓርኩ በፈረቃ ለሚሠሩ ወጣቶች ጠዋት በሰርቪስ አውቶቡስ ውስጥ በድምፅ የሚሰማ ምዕራፍ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ዓይናቸው ደክሞ ጆሯቸው ግን ይሰማል። ደካማ ጎኑ ሁለት ነው። ቴሌግራም ሲጮህ ንባቡ ይቋረጣል፤ ማሳወቂያውን ዝም ሳታሰኙ አትክፈቱት። ሁለተኛው፣ ስልክ ላይ ገጹ ይንሸራተታል፤ ጥቅሱ «በግራ ገጽ ከታች» የሚል ቦታ አይኖረውም፣ ብዙ ሰው ግን ጥቅስን የሚያስታውሰው በቦታው ነው። ሐይቁ ዳር በፀሐይ ላይ ለሚያነብም የስልኩ መስታወት ያንጸባርቃል። ስልኩ ረዳት ይሁን፣ ዋናው መጽሐፍ ወረቀቱ ይሁን።

የአፍ መፍቻ ቋንቋው ሲዳምኛ ወይም ወላይትኛ ለሆነ አማኝ አንድ ነገር በጥብቅ እንመክራለን። በሁለቱም ቋንቋ መጽሐፍ ቅዱስ አለ። ከተማው ውስጥ አምልኮው በአማርኛ ስለሆነ ብቻ በአማርኛ እንዲገዛ አትገፋፉት። የላቲኑን ፊደል ማንበብ የሚችል ከሆነ ጸሎቱንና ንባቡን በቋንቋው ቢጀምር ቃሉ ቶሎ ይገባዋል፤ አማርኛውን ለቡድን ጥናት ይያዘው። ሱቁ ውስጥ የኤፌሶኑን ሙከራ በሁለቱም ቋንቋ አስደርጉት፤ የትኛውን በራሱ ቃል እንደሚያወራ ስታዩ ምርጫው ይለያል።

ለጥምቀት ስጦታ የምትገዙ ዘመዶች፣ ሙሉውን መጽሐፍ በትንሽ ፊደል ከመግዛት አዲስ ኪዳንና መዝሙር ብቻ ያለውን በትልቅ ፊደል ግዙ፤ ሙሉው ቀስ ብሎ ይደርሳል። የፊት ገጹ ላይ የምትጽፉትን በእርሳስ አስቀድማችሁ ሞክሩ፤ ስስ ወረቀት ላይ የተሳሳተ ቀለም አይጠፋም። ደረሰኝ ያዙ፣ የጎደለ ገጽ ቢገኝ ለመቀየር ሻጩ እስከ ስንት ቀን እንደሚቀበል ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ፣ እቤት እንደገባችሁም በዚያው ምሽት ገጾቹን ከዳር እስከ ዳር አሳልፉ።